ቤዛ ያደረሰ ሰው ይግባኝ

የአያቴ የብራና ዳዊት ከነቆዳ ማኅደሩ ዛሬም እኔ ዘንድ ነው። ማኅደሩ ውስጥ፣ ከዳዊቱ ጀርባ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ። እጥፋቱ ተበልቷል፤ የማኅተሙ ሐምራዊ ቀለም ፈዝዟል። ሴቷ አያቴ፣ እምዬ የምላት፣ ፊደል አልቆጠረችም። ያንን ወረቀት ግን ከሌላው ሁሉ በማኅተሙ ትለየው ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ፣ ታወጣውና ማኅተሙን በጣቷ እየዳሰሰች «ይኸ አባባን ያስፈታ ወረቀት ነው» ትለኝ ነበር። አባባ ወንዱ አያቴ ነው። ሲሞት ልጅ ስለነበርኩ ድምፁን አላስታውሰውም። ታሪኩን ግን ከእሷ አፍ ብዙ ጊዜ ስለሰማሁት የት ቦታ ላይ ድምፅዋ እንደሚሰበር ሳይቀር አውቀዋለሁ።

ጊዜው 1936 ዓ.ም ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አገሩ መርሐ ቤቴ። በየቆላው ከጦርነቱ የተረፈ ጠመንጃ የታጠቀ ሽፍታ ነበር። አንድ የጨው ነጋዴ ከነአጋሰሶቹ መንገድ ላይ ተያዘና ጀማ ሸለቆ ውስጥ ወዳለ ዋሻ ወረደ። ከሽፍቶቹ የመጣው ቃል «120 ጠገራ ብር፣ አለዚያ ሬሳውን ውሰዱ» የሚል ነበር። ቤተሰቡ በሬ ሸጠ፣ ተበደረ፣ የሴቶቹን የብር ድሪ ሳይቀር አስያዘና ገንዘቡን ሞላ። የሚያደርሰው ሰው ግን ጠፋ። ማን ደፍሮ ይውረድ?

አባባ ከሽፍቶቹ አንዱን በአበልጅነት ያውቀው ነበር። ሰውየው ሳይሸፍት በፊት ልጁን ክርስትና ያነሳለት አባባ ነው። ሽማግሌዎች ድንጋይ ተሸክመው ደጁ ድረስ መጥተው ለመኑት። አንድ ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 120ው ሲደመር ከሦስት ኪሎ ይበልጣል። አባባ ብሩን በአቁማዳ ጤፍ ውስጥ ቀብሮ አህያ ጫነና ወረደ። በሦስተኛው ቀን ነጋዴውን በአህያዋ ላይ አስቀምጦ ከገደሉ ወጣ። እምዬ እዚህ ላይ ስትደርስ እልልታው ትዝ እያላት ፈገግ ትላለች።

ወር ሳይሞላ ከሽፍቶቹ ሁለቱ ተያዙ። አንደኛው ሲመረመር «ብሩን ያመጣልን እገሌ ነው» ብሎ የአባባን ስም ጠራ። ሌላ ምስክር ቀረበና ከሽፍቶቹ ጋር ገበታ ቀርቦ እንጀራ ሲቆርስ አይቻለሁ አለ። ነጋዴው ራሱ ስለ አባባ ሊመሰክር ይችል ነበር፤ ግን ያን ጊዜ ለንግድ ሩቅ አገር ሄዷል። አባባ በግብረ አበርነት አምስት ዓመት ተፈረደበት።

«እንጀራ ቆርሷል» የሚለው ቃል ነው ያሳሰረው። እምዬ ይህን ስትናገር ዐይኗ ይቀላ ነበር። «ታዲያ ሰው ሊያስለቅቅ የሄደ፣ ገበታ ሲቀርብለት አልበላም ይላል እንዴ ልጄ? አልበላም ቢል እሱም እዚያው ይቀር ነበር።»

ዳኛው ፍርዱን ተናግሮ ሲጨርስ አባባ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ይግባኝ!»

በጥብቅና በቆየሁባቸው 31 ዓመታት ይህን ቃል በወረቀት ላይ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም። ቃሉን የፈጠሩት ሕግ አርቃቂዎች አለመሆናቸውን ብዙ ወጣት ጠበቆች አያስተውሉትም። «ነገሬ ከበላይ ዘንድ ይግባልኝ» ማለት ነው። ከተጻፈው ሥነ ሥርዓት በፊት በተከራካሪው አፍ ላይ የነበረ፣ ቆሞ በአደባባይ የሚባል ቃል ነው። የድሮው ሙግት ከመንገድ ይጀምር ነበር። የተበደለ ሰው በዳዩን «በሕግ አምላክ!» ካለው መቆም አለበት። የሚያልፈውን ሽማግሌ «ዳኘን» ይሉታል፤ ሽማግሌውም ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ይሰማል። በዚያ ያልረካ ወደ ጭቃ ሹሙ ወይም ወደ መልከኛው፣ ከዚያ ወደ አገረ ገዢው፣ ከዚያ ወደ ወምበሮቹ፣ ከዚያ ወደ አፈ ንጉሡ፣ በመጨረሻም ወደ ዙፋን ችሎት ይሄዳል። መሰላሉ ረጅም ነበር፤ ግን ገበሬው ያውቀው ነበር፤ ጫፉም ክፍት መሆኑን ያምን ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ሰው ከዚህ እምነት የተነሣ ነው።

ከድሮው ችሎት እኔ ከሁሉ አብልጬ የማከብረው የፍርድ አሰጣጡን ቅደም ተከተል ነው። በዙፋን ችሎት ነገሩ ተሰምቶ ሲያልቅ አስተያየት መስጠት የሚጀምረው በማዕርግ ትንሹ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ከፍ ያለው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ አፈ ንጉሡ ይደርሳል። ንጉሡ የመጨረሻውን ቃል ይናገራል። ትንሹ ቀድሞ የሚናገረው የትልቁን ቃል ሰምቶ እንዳይፈራ ነው። ይህን ያሰበ ሰው፣ ስሙን ባናውቀውም፣ ስለ ፍርድ ብዙ የገባው ሰው ነበር።

በ1762 ዓ.ም ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ አቤት ባዮች በንጉሡ በርና መስኮት ዙሪያ ከጧት እስከ ማታ በየቋንቋቸው እንደሚጮኹ ጽፏል። ክረምት ሲሆንና ዝናቡ ሰዉን ከከተማው ሲያርቀው ደግሞ፣ ንጉሡ ጭር እንዳይልበት በደመወዝ የሚጮኹ ሰዎች ይቀመጡ እንደነበር ይናገራል። ብሩስ ነገሩን ያየው እንደ እንግዳ ልማድ ነው፤ ጩኸቱም አሰልችቶት ነበር። እኔ ግን ሳነበው ሌላ ነገር ይታየኛል፤ የተበደለ ሰው ድምፅ የማይሰማበት ቤተ መንግሥት ክብሩ የጎደለ ሆኖ ይታይ ነበር ማለት ነው።

ሁሉም ግን ያማረ አልነበረም። ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ነገሩ ከከበደም እጅ ለእጅ በሰንሰለት ተያይዘው፣ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይሄዱ፣ አብረው ይበሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ ተከታተለው» ስንል የምናወራው ስለዚያ ቋጠሮ ነው። ይግባኝ ያለ ሰው መንገዱ የቀናት ከሆነ የቀናት ቁራኛ ይሆን ነበር። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሌባ ሻይ ነው። ስርቆት ሲደርስ አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ያሰክሩታል፤ ወገቡን በገመድ ታስሮ እየተንገዳገደ ይሄድና የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በሌባ ሻይ ላይ ምን ይግባኝ አለ? ምስክር የለ፣ ቃል የለ፣ የሚመዘን ነገር የለ። ልማዱ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ተከልክሎ ቀረ። ቢሆንም ሕዝብ በተቆጣ ቁጥር ተመልሶ ሲመጣ አያለሁ፤ ያን ጊዜ ልጁ ቁጣው ነው፣ የወደቀበት ቤት ሰው ይታሰራል።

ሰው ይዞ ገንዘብ መጠየቅ ደግሞ ራሱን የቻለ አሮጌ ታሪክ አለው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ሰው የሰረቀ ሰው ቅጣቱ ሞት ነው። በእኛ አገር ለዘመናት የሰው ሌባ ሲባል ፈንጋዩ ነበር የሚታሰበው፤ ልጅን ከብት ሲጠብቅ፣ ሴትን ከወንዝ ውኃ ስትቀዳ ይዞ በባርነት የሚሸጥ። ያ ንግድ በሕግ ተከልክሎ፣ በ1934 ዓ.ም ባርነት ጨርሶ እስኪሻር ድረስ፣ ስንቱን ቤት ባዶ አድርጓል። አጋቹና ፈንጋዩ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ፈንጋዩ ሰውየውን ለባዕድ ይሸጣል፤ አጋቹ ለገዛ እናቱ መልሶ ይሸጣል።

ቤዛውን የከፈሉት ድሆች ብቻ አይደሉም። ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነው አፄ ሚናስ በግራኝ አሕመድ ጦር ተማርኮ የመን ድረስ ተልኮ ነበር። በ1535 ዓ.ም በወይና ደጋ ጦርነት የግራኝ ልጅ በተራው ሲማረክ፣ እቴጌ ሰብለ ወንጌልና የግራኝ ሚስት ድል ወንበራ መልእክት ተላላኩ። ሁለት እናቶች ልጅ በልጅ ተለዋወጡ። ያን መልእክት ማን አደረሰው? መሀል ላይ የተመላለሱት ሰዎች ስማቸው እንደ ነገሥታቱ ስም አልታወቀም። እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ግን እሱ ነው፤ በሁለት ጠላት መካከል የሚሄደው ሰው፣ ሁለቱም ወገን የሚጠረጥረው።

አፄ ቴዎድሮስ ሲነግሡ ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ ብለው ባወጁ ጊዜ፣ የታወቁ ወንበዴዎች ታጥቀው ቀርበው «የአባታችን ሥራ መዝረፍ ነው፤ አዋጁ ይጽናልን» እንዳሏቸው ይተረካል። ንጉሡ እርሻ እንዲያርሱ መከሯቸው፤ እንቢ አሉ፤ አስፈጇቸው። ይህ ታሪክ ሲተረክ አድማጩ «እሰይ!» ይላል። ወንበዴ ላይ የሚደርስ ቅጣት ፈጣንና ከባድ ሲሆን ሕዝብ ደስ ይለዋል። እኔም ይገባኛል፤ ሽፍታ መንገድ ዘግቶበት ያደገ ሰው ልጅ ነኝ።

ወደ እምዬ ልመለስ። አባባ ሲታሰር የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ትንሹን በጀርባዋ አዝላ፣ ትልቁን፣ ማለትም አባቴን፣ ለእህቷ ትታ ተነሣች። ስንቋ በሶና ዳቦ ቆሎ ነው። ጀማን ተሻግራ፣ የለሚን ዳገት ወጥታ፣ በሙከ ጡሪና በጫንጮ አድርጋ በእንጦጦ በኩል አዲስ አበባ ስትገባ ስድስተኛ ቀኗ ነበር። የምታውቀው አንድ የአገሯ ሰው ጉለሌ ይኖራል። ማደሪያ ሰጣት። በማግስቱ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄደች። ሰውየው ከዛፍ ሥር ባለች ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ቀለሙን አጠገቡ አስቀምጦ፣ የሰውን ሁሉ መከራ በአንድ ዓይነት ቃል ይጽፋል። እሷ ግን አንድ ነገር አጥብቃ አስጻፈችው፤ «ባሌ ብር ወሰደ እንጂ ብር አልተቀበለም» የሚል ቃል። «እንዳታበዛው ጌታዬ» አልኩት አለችኝ፤ «ይችን ብቻ ጻፍልኝ፤ ንጉሥ ጊዜ የለውም።»

ሕጉ ያን ጊዜ እየተለወጠ ነበር። የ1923ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አለ። በ1934 ዓ.ም የወጣው የዳኝነት አዋጅ ደግሞ ፍርድ ቤቶቹን በደረጃ አዋቅሮ ጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤትን ከላይ አስቀምጧል። በወረቀት ላይ የይግባኙ መንገድ ይኸው ነው። የመርሐ ቤቴ ሴት ግን የምታውቀው የድሮውን መሰላል ነው፤ ጫፉ ላይ ንጉሥ አለ። ከቤተ መንግሥቱ በር ፊት ለፊት ስንት ጧት እንደቆመች መቁጠሩን ትታዋለች። ልጁ ታሞባት ነበር። እንጨት ለቅማ እየሸጠች ነው የከረመችው። አንድ ቀን የጃንሆይ መኪና ሲወጣ ከሌሎች አቤት ባዮች ጋር መሬት ላይ ተደፍታ ወረቀቷን ወደ ላይ ዘረጋች። አንድ ሰው ተቀበላት።

ወረቀቱ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ታዝዞበት ወረደ። ነጋዴው ተፈልጎ መጣና ቃሉን ሰጠ። «ከገደል ያወጣኝ እሱ ነው፤ ከእነሱ ጋር የበላውም ለእኔ አንድ ጉርሻ ሊያስተርፍልኝ ነው» አለ። አባባ 14 ወር ታስሮ ተፈታ። የታጠፈው ወረቀት ያ ትእዛዝ ነው፤ አራት መስመር ተኩል።

እንግዲህ እኔ ይህን ወረቀት ይዤ ዙፋን ችሎትን ልወቅሰው ይከብደኛል። ሆኖም የሕግ ሰው ነኝና እውነቱን እናገራለሁ። ንጉሡ በሕግ ያለቀ ነገር ሲፈልግ ይከፍት ነበር፤ በዚያች ጧት መኪናው በሌላ በር ወጥቶ ቢሆን አባባ አምስቱን ዓመት ይጨርስ ነበር። «ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ» በሚባልበት አገር፣ ንጉሡ ራሱ ሲሳሳት ይግባኝ የሚባልበት ቦታ የለም። ፍትሕ በአንድ ሰው ጆሮ ላይ ሲንጠለጠል የሚሰማው ደጁ የደረሰው ብቻ ነው። እንጨት እየለቀመች መክረም ያልቻለችዋ ሴት ባሏ ታስሮ ቀርቷል።

በ1949 ዓ.ም የስዊዘርላንዱ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። በ1954 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከተለው። ይህ ሁለተኛው ለይግባኝ ቀን ቆረጠለት፦ ፍርዱ በተነገረ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለትን ማስታወቅ፣ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኙን ማመልከቻ ማቅረብ። ጥፋቱን አምኖ የተፈረደበት በቅጣቱ ላይ ካልሆነ በጥፋተኝነቱ ላይ ይግባኝ አይልም። ያም ሕግ ቢሆን ይግባኙን የጨረሰ ሰው ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ችሎት የሚያመለክትበትን በር ክፍት ትቶለት ነበር። በሩ የተዘጋው በ1967 ዓ.ም ከዘውዱ ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ይግባኝን የተከሰሰ ሰው መብት አድርጎ ጻፈው። ዛሬ ከይግባኝ በኋላ የመሠረታዊ ሕግ ስሕተት አለ የሚል ወደ ሰበር ይሄዳል፤ ሦስት ዳኞች ያጣሩታል፣ ያስቀርባል ከተባለ አምስት ዳኞች ይሰሙታል። እምዬ ይህን ሁሉ ብትሰማ «መሰላሉ ያው ነው፤ ሰዎቹ ናቸው የተለወጡት» የምትል ይመስለኛል።

ያ መሰላል አሁን ከባድ ጊዜ ላይ ነው። እገታ ወደ መንገዶቻችን ተመልሷል። በሰኔ 2016 ዓ.ም ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤተሰቦቻቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ሲወሰዱ አገሩ ሁሉ ሰምቷል። ልጁን መንገድ ሲልክ በየሰዓቱ የማይደውል ወላጅ ዛሬ የለም። ቤት ሸጦ የከፈለ አለ፤ ከፍሎም ሬሳ የተቀበለ አለ። ቤዛ የሚለው ቃል በቤተ ክርስቲያን ዓለምን ለማዳን የተከፈለ ዋጋ ስም ነው፤ በአጋች አፍ ሲገባ ስሰማው ያመኛል። እንዲህ ባለ ጊዜ በእገታ የተፈረደበት ሰው ጠበቃ ነኝ ማለት ቀላል አይደለም። የገዛ ወንድሜ «እንዴት ለእነሱ ትቆማለህ?» ብሎ ሳምንት አላናገረኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ሴት የወንድሟን የፍርድ ግልባጭ በፌስታል ይዛ ቢሮዬ መጣች። ፍርዱ ከተነገረ 13ኛው ቀን ነበር። ይግባኙን በማግስቱ አስታወቅኩ፤ መዝገቡን ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ እህል ነጋዴ ማክሰኞ ማታ መንገድ ላይ ታግቶ ዘጠኝ ቀን ቆይቷል። 600,000 ብር ተከፍሎ ተለቀቀ። የተፈረደባቸው ሁለት ናቸው። አንደኛው ታጋቹ ሲጠበቅበት በነበረው ቤት ከነመሣሪያው የተያዘ ነው፤ ገንዘቡ የተጠየቀበት ስልክም ኪሱ ውስጥ ተገኝቷል። 15 ዓመት ተፈርዶበታል፤ እሱም በበኩሉ ይግባኝ ብሏል። ሁለተኛው የሴትየዋ ወንድም፣ የከብት ደላላ ነው። ገንዘቡን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ የሄደው እሱ ነው፤ ነጋዴውን በባጃጅ ይዞ የተመለሰውም እሱ። 12 ዓመት ተፈርዶበታል።

የሥር ፍርድ ቤቱ ምክንያት ሦስት ነው። ደላላው ከአጋቾቹ ስልክ ጋር 17 ጊዜ ተደዋውሏል። ሲመለስ 5,000 ብር ሰጥተውታል። ሦስተኛው የታጋቹ ቃል ነው፦ «ከእነሱ ጋር ቁጭ ብሎ ቡና ሲጠጣ በዐይኔ አይቼዋለሁ።»

ይህን መስመር ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሣሁ። መርሐ ቤቴ ነበርኩ፤ 1936 ዓ.ም።

ነገር ግን የአያት ትዝታ ማስረጃ አይሆንም። የስልክ ጥሪውን ዝርዝር ከመዝገቡ አስገለበጥኩና ማታ ቤቴ በማስመሪያና በቀይ እስክሪብቶ ተቀመጥኩ። ዝርዝሩ አስር ገጽ ነው፤ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ የቆይታ ጊዜ። የሥር ፍርድ ቤቱ 17ቱን ጥሪ ቆጥሯል። መቼ እንደተጀመሩ ግን በፍርዱ ላይ አንድ ቃል የለም፤ የመጀመሪያው ጠበቃም አላነሣውም። አንድ በአንድ አሰመርኩ። ከእገታው በፊት በነበሩት ሦስት ወራት ደላላው ከዚያ ቁጥር ጋር አንድም ጊዜ አልተገናኘም። ማክሰኞ የለም፤ ረቡዕ የለም። ሐሙስ ጧት 10:11 ላይ የታጋቹ ወንድም ለደላላው ደውሏል፤ ስድስት ደቂቃ አውርተዋል። 10:52 ላይ ደላላው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አጋቾቹ ቁጥር ደወለ። በሁለቱ መካከል ያለው 41 ደቂቃ ነው። ወንድምየው በሥር ፍርድ ቤት መስክሯል፤ «ቁጥሩን ሰጥቼ ለምነው ያልኩት እኔ ነኝ» ብሏል። ቃሉ መዝገቡ ላይ ተጽፏል፤ ማንም ከጥሪው ሰዓት ጋር አላገናኘውም።

በሕጋችን አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው ሕጋዊው፣ ግዙፋዊውና ሞራላዊው ፍሬ ነገር አንድ ላይ ሲሟላ ነው። ደላላው ገንዘብ ማድረሱ ግዙፍ ነገር ነው፤ አልካደውም። ክርክሩ በልቡ ስላለው ነገር ነው፤ እገታው እንዲሳካ ነው የሄደው ወይስ ሰውየው እንዲድን? በማመልከቻዬ ይህን አንድ ጥያቄና ያችን 41 ደቂቃ ነው ያቀረብኩት። ችሎቱ ያስቀርባል ብሎ ዓቃቤ ሕግን ጠራ።

ዓቃቤ ሕጉ የተናገረውን እዚህ መዝለል ፍርደ ገምድልነት ይሆንብኛል። እገታን ንግድ ያደረጉት አጋቾቹ ብቻ አይደሉም፤ መሀል ላይ ቆመው የሚያቀባብሉ፣ ከሁለቱም ወገን የሚበሉ ደላሎች ባይኖሩ ገንዘቡ አይደርስም ነበር አለ። እውነቱን ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አንዱ እንድከላከልለት ጠይቆኝ ምክንያቱን ነግሬ መልሼዋለሁ። ሌላው እውነት ደግሞ አለ። ቤዛ ያደረሰውን ሁሉ ካሰርን ነገ የእኔን ልጅ ሊያመጣ ገደል የሚወርድ ሰው አይገኝም። ሁለቱን የሚለያቸው የሰውየው ፊት ወይም የሕዝቡ ቁጣ ሊሆን አይችልም፤ ማን ማንን ቀድሞ ጠራ የሚለው የተመዘገበ ሰዓት ነው።

ዳኞቹ ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ተስማሙ፤ አንዱ በሐሳብ ተለየ። የተለዩት ዳኛ የጻፉትን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሊያስለቅቅ የሄደ ሰው ከአጋች እጅ 5,000 ብር ተቀብሎ ለታጋቹ ቤተሰብ አለመመለሱ ሐሳቡን ያሳያል ብለዋል። ደላላው ለባጃጅና ለሰውየው ምግብ አወጣሁት ብሎ ነበር፤ ደረሰኝ ግን አልነበረውም። ጽሑፋቸው ጠንካራ ነው፤ ደንበኛዬም ያን ብር ባይነካው ይሻለው ነበር። አብላጫዎቹ ግን ገንዘቡ የተሰጠው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ መሆኑን፣ ከእገታው በፊትም ሆነ በእገታው ጊዜ የጥቅም ስምምነት እንደነበረ የቀረበ ማስረጃ አለመኖሩን ተመለከቱ። ቡናውን በአንድ መስመር አለፉት፤ አብሮ ቡና መጠጣት ብቻውን የወንጀል ተካፋይነትን አያሳይም አሉ።

ያን ቀን ችሎቱ ውስጥ ታጋቹ ነጋዴ መጥቶ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ፍርዱ ሲነበብ አንገቱን እንደደፋ ነው። ሲወጣ በሩ ላይ የደላላውን እህት አገኛት። «እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት እህቴ» አላት። «አውቃለሁ ወንድሜ፤ እግዚአብሔር አትርፎሃል» አለችው።

ፍርዱ እንዲህ ይላል፦ በ1ኛ ይግባኝ ባይ ላይ የተሰጠው የጥፋተኝነት ፍርድና ቅጣት ጸንቷል። በ2ኛ ይግባኝ ባይ ላይ የተሰጠው የጥፋተኝነት ፍርድ በአብላጫ ድምፅ ተሽሯል፤ በሌላ ወንጀል የማይፈለግ ከሆነ ማረሚያ ቤቱ ዛሬውኑ እንዲለቀው ታዟል። መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።

ደላላው በዚያ ቀን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ታስሮ ነበር።